ድጎማው ገበሬው ኪስ ይደርሳል ወይ?

የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ አባላት፣

ስለ ግብርና ድጎማ የሚወጣ ዜና ካየሁ ሳላነብ አላልፍም። ብዙውን ጊዜ የሚነገረን አንድ ቁጥር ነው። መንግሥት ለገበሬው ይህን ያህል ገንዘብ መደበ ይባላል፤ ዜናውም እዚያው ላይ ያልቃል። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ከተመደበው ውስጥ ገበሬው ቤት የገባው ስንቱ ነው?

ገንዘቡ የሚጠፋው በስርቆት ብቻ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። ሌባ ተይዞ ይጠየቃል። ነገር ግን ማንም አንዲት ሳንቲም ሳይሰርቅ፣ ሁሉም ነገር በሕጉ መሠረት ሲሠራም፣ ድጎማ ከገበሬው እጅ ያመልጣል።

መንግሥት በሄክታር ይህን ያህል እከፍላለሁ አለ እንበል። ገበሬው የሚያርሰው የራሱን መሬት ከሆነ እሰየው። ተከራይ ከሆነስ? አከራዩም ዜናውን ሰምቷል። ውሉ ሲታደስ ኪራዩን ከፍ ያደርጋል። ገበሬው አልከፍልም ቢል ደግሞ ሌላ ተከራይ ደጅ ላይ ቆሟል። በመጨረሻ ድጎማው በገበሬው እጅ አልፎ ባለ መሬቱ ጋ ይደርሳል። መሬት በሚሸጥበት አገርም ያው ነው። እርሻ ልጀምር ብሎ የተነሳ ወጣት መሬቱን የሚገዛው ወደፊት የሚገኘው ድጎማ ተደምሮበት ነው። ገና ዘር ሳይዘራ ድጎማውን ለሻጩ አስቀድሞ ከፍሎታል ማለት ነው።

ይህ ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1933 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንዲሁ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ የግብርና ማስተካከያ ሕግ አወጣች። የጥጥ ዋጋ ክፉኛ ወድቆ ስለነበር መንግሥት ጥጥ የሚዘራበትን መሬት ለሚቀንስ ሰው ክፍያ ሰጠ። ምርቱ ሲያንስ ዋጋው ይነሳል ተብሎ ነው፤ ዋጋውም በእርግጥ ተነሳ። በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል ግን መሬቱን የሚያርሱት አብዛኞቹ ተከራዮችና የእኩል አራሾች ነበሩ። ክፍያው የሚመጣው ደግሞ በባለ መሬቶቹ በኩል ነው። ብዙዎቹ ባለ መሬቶች የአራሾቹን ድርሻ አስቀሩት። አልፎ ተርፎም የሚታረሰው ካነሰ አራሹ ምን ያደርግልናል ብለው ቤተሰቦችን ከነልጆቻቸው አባረሩ። በ1934 አርካንሳስ ውስጥ ጥቁርና ነጭ ተከራይ ገበሬዎች በአንድነት ማኅበር ያቋቋሙት ይህን ለመቃወም ነው። ገበሬን ለመርዳት የወጣ ሕግ ገበሬን ሜዳ ላይ ጣለ። ታሪኩን ባነበብኩት ቁጥር አንጀቴ ያርራል።

ሌላው መንገድ የዋጋ ድጋፍ ነው። መንግሥት የምርቱን ዋጋ ከገበያው በላይ ከፍ አድርጎ ይይዛል። እዚህ ላይ ብዙ የሚሸጥ ብዙ ያገኛል፣ ትንሽ የሚሸጥ ትንሽ። ገበሬው ዋጋው ጥሩ ነው ብሎ ብዙ ለማምረት ሲነሳ ደግሞ ተጨማሪ መሬት ይከራያል፤ ማዳበሪያና ዘር ይገዛል፤ ሠራተኛም ይቀጥራል። ጭማሪው በየመንገዱ ይንጠባጠባል። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት (ኦኢሲዲ) በ2000ዎቹ መጀመሪያ ይህን አስልቶት ነበር። በዋጋ ድጋፍ ከሚሰጥ እያንዳንዱ ዶላር የገበሬው የተጣራ ገቢ የሚሆነው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው።

የማዳበሪያና የዘር ድጎማ ትንሽ የተለየ ነው፤ በጅምላ ማጣጣል አልፈልግም። ማላዊ ከ2005ቱ መጥፎ ምርት በኋላ ለአነስተኛ ገበሬዎች ኩፖን አድላ ማዳበሪያ በርካሽ ሰጠች። ዝናቡም ረዳት፤ የበቆሎ ምርቷ በጣም ጨመረ። የዓመት ቀለቡን ከማሳው መሸፈን ላቃተው ቤተሰብ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እህል ከመግዛት ከዳነ እሱም ገቢ ነው። ሆኖም ከኩፖኑ የተወሰነው በሙሉ ዋጋም ቢሆን ማዳበሪያ መግዛት ይችሉ ለነበሩ ሰዎች ነው የደረሰው። ደግሞም ምርት መጨመርና ገቢ መጨመር አንድ አይደሉም። ሁሉም በአንድ ጊዜ ብዙ አምርቶ ማከማቻ ከሌለው በመኸር ወቅት ዋጋው ይወድቃል። ያኔ የሚያተርፈው ገዝቶ ማቆየት የቻለው ነው።

ታዲያ ገንዘቡን በቀጥታ ለገበሬው መስጠት አይሻልም ወይ? ይሻላል ባይ ነኝ። ቢያንስ በየመንገዱ የሚንጠባጠበው ያንሳል። ህንድ ከ2019 ጀምሮ በዓመት 6,000 ሩፒ በ3 ዙር ወደ ገበሬ ቤተሰቦች የባንክ ሒሳብ ታስገባለች። ግን መስፈርቱ የመሬት ባለቤትነት ነው። የሰው መሬት ተከራይቶ የሚያርሰው እዚያም የለበትም። በአውሮፓ ኅብረትም ቀጥታ ክፍያው በአብዛኛው በሄክታር ስለሚሰላ 80 በመቶ ገደማው የሚሄደው ወደ 20 በመቶ ገደማ ተቀባዮች ነው። ሰፊ መሬት ያለው ሰፊ ድጎማ ያገኛል። ጥያቄው እንግዲህ ገንዘቡ እንዴት ይተላለፋል ብቻ ሳይሆን ገበሬ የሚባለው ማነው የሚልም ነው።

ይህን የሰሙ አንዳንድ ሰዎች እንግዲያው ድጎማ ጨርሶ ይቅር ይላሉ። ኒውዚላንድንም ይጠቅሳሉ። እውነት ነው፣ ከ1984 ጀምሮ ድጎማዋን ከሞላ ጎደል አንስታለች። ከዚያ በፊት ከበግ አርቢዎች ገቢ ሲሦ ገደማው የድጎማ ነበር። ብዙ እርሻ ይዘጋል ተብሎ ተፈርቶ በግድ የወጡት ከመቶ አንድ ያህል ብቻ ሆኑ። ግን የመሬት ዋጋ ወደቀ፤ በውድ ጊዜ ተበድሮ መሬት የገዛ ሰው ዕዳው አንቆ ያዘው። መንግሥትም ዝም ብሎ አላየም፤ ዕዳ እንዲስተካከል አድርጓል፤ ለሚወጡትም መቋቋሚያ ሰጥቷል። ይህን ትቶ ውጤቱን ብቻ መጥቀስ ልክ አይመስለኝም። ዝናብ ሲቀር ወይም ዋጋ ሲወድቅ ምንም መከታ የሌለው ገበሬ ያለችውን በሬ ሸጦ ነው የሚተርፈው። ለሚቀጥለው ዓመት በምን ይረስ?

እናም አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቀጣዩ የድጎማ ዜና ሲመጣ ከተመደበው ገንዘብ ጎን የተጣራውን ገቢ ጠይቁልን። በሄክታር ነው ወይስ በቤተሰብ? በማን ስም ይከፈላል? ድጎማው ከመጣ ወዲህ የመሬት ኪራይ ስንት ደረሰ? ማዳበሪያ አቅራቢውስ ዋጋ ጨመረ ወይ? ዘጋቢያችሁ ቢሮ ደርሶ ብቻ አይመለስ። እርሻ ድረስ ሄዶ መሬት ተከራይቶ የሚያርሰውን ሰው ያነጋግርልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ