ደብረ ማርቆስ የምሳ ቦታ ብቻ አይደለችም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

«ሰላም ሲወርድ ቤተሰብ ይዘን የምንሄድባቸው» ብላችሁ ያወጣችሁትን የጉዞ ጽሑፍ አነበብኩት። ስለ ጢስ ዓባይ በደንብ ጽፋችኋል። ስለ ጣና ገዳማትም እንደዚሁ። ስለ ደብረ ማርቆስ ግን ያለው አንድ መስመር ነው፤ «እዚህ ምሳ በልቶ መቀጠል ይቻላል» ይላል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከፋኝ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ስለዚያች አንድ መስመር ነው።

እኔም ድሮ እንደዚያ ነበርኩ። ከአዲስ አበባ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ማለዳ የተነሳ ሰው ለምሳ ይደርሳል። ጥብሱን ይበላል፣ ቡናውን ይጠጣል፣ ባሕር ዳር ሳይመሽ ልግባ ብሎ ይነሳል። ስንት ጊዜ እንደዚያ እንዳለፍኩ አላስታውስም።

በ2011 ዓ.ም. መስከረም ላይ ግን ሌላ ሆነ። ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆቻችንና እምዬ ነበርን። እምዬ የባለቤቴ እናት ናት። ማርቆስ ተወልዳ፣ ማርቆስ አድጋ፣ በ16 ዓመቷ ተድራ አዲስ አበባ ገባች። ከዚያ በኋላ ከ50 ዓመት በላይ ሆኗታል። «ባሕር ዳር እናንተ ሂዱ፣ እኔን የማርቆስን ደጅ ካሳለማችሁኝ ይበቃኛል» ብላን ነው የተነሳነው። እኛ ደግሞ ለግማሽ ሰዓት ቆም ብለን፣ አሳልመናት ልንቀጥል ነበር ያሰብነው።

መኪናዋ ሌላ ሐሳብ ነበራት። ጎሐ ጽዮን ላይ ሁላችንም ጃኬት ለብሰን ነበር። የዓባይን በረሃ ስንወርድ ጃኬቱም ሹራቡም እየወለቀ ሄደ። ከላይ እስከ ወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። በጃፓን እርዳታ የተሠራውን የሕዳሴ ድልድይ ተሻግረን ወደ ደጀን ሽቅብ ስንያያዝ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ወጣ። ራዲያተሩ ይንጠባጠባል። ዝንጀሮዎቹ መንገድ ዳር ተቀምጠው ያዩናል። አንድ የአይሱዙ ሹፌር ቆመልን። ጀሪካኑን ሙሉ ውኃ ሰጠንና «ቀስ እያላችሁ ማርቆስ ድረሱ፣ ከዚያ አታሳልፏት» አለን። ገንዘብ ብንሰጠው እምቢ አለ።

ደጀን ከወጣችሁ በኋላ ያለውን አገር መስከረም ላይ ያየ ያውቀዋል። ጤፉ አረንጓዴ ነው። የማሳው ዳር ደግሞ ቢጫ ነው፣ አደይ። የትኖራን፣ ሉማሜን፣ አምበርን እያቆምንና ውኃ እየጨመርን አለፍን። በየቆምንበት የበቆሎ እሸት ጥብስ ስለገዛን ልጆቹ ብልሽቱን ወደዱት። ማርቆስ ስንደርስ ጨልሟል፣ ብርዱ ደግሞ አጥንት ይገባል። የጋራዡ ልጅ በባትሪ አየና «ነገ ከሰዓት ነው የሚደርስ» አለን። በቃ፣ አደርን።

በማግስቱ ያለ መኪና ቀረን። ደግሞም ማርቆስን በእግር የሄድኩባት የመጀመሪያ ቀኔ ያ ነው።

በዋናው አስፋልት ብቻ የሚያልፍ ሰው ከተማዋ ሜዳ ላይ ያለች ሊመስለው ይችላል። ከአስፋልቱ ወጣ ስትሉ ግን አንዱ ሰፈር ሽቅብ ነው፣ ሌላው ቁልቁል። ባጃጁ ዳገቱ ላይ ያቃስታል። አንዱ ግቢ ደጅ ላይ ቆማችሁ የሌላውን ጣሪያ ታያላችሁ። ቁመቷ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያልፋል፤ ከአዲስ አበባ ብዙም አትለይም። ጠዋት ከከፍታው ላይ ወደ ሰሜን ስታዩ ጮቄ አለ። 4,100 ሜትር ገደማ የሚሆነው ያ ተራራ ለጎጃም የውኃ ማማዋ ነው። ከከተማዋ ዳር የሚያልፈው ጨሞጋም ከዚያው ወርዶ ዓባይ ይገባል። ለ12 ዓመቱ ልጄ ይህን ባለቤቴ ሲነግረው «ይህ ውኃ ትናንት ድልድዩ ላይ ካየነው ጋር ይገናኛል ማለት ነው?» አለ። አዎ፣ ከድልድዩ በታች ይገናኛል።

ወደ ቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ዳገቱን ስንጀምር ባጃጅ ልጠራላት አልኩ። እምዬ ተቆጣች። «ልሳለም የመጣሁትን ሴትዮ በባጃጅ?» ግራ እጇን የሰባት ዓመቷ ልጄ ትከሻ ላይ አደረገች፣ በቀኟ ከዘራዋን ያዘች፣ ወጣች። ትንሽ ሄዳ ትቆማለች። ስትቆም ታወራለች። እዚህ ጋ እናቷ ቅቤ ትሸጥ ነበር። እዚህ ጋ ክረምት ላይ ተንሸራታ እንስራ ሰብራለች፣ ተገርፋለች። እዚያ ማዶ አንድ የቆሎ ተማሪ በየቀኑ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ይመጣ ነበር፤ ኋላ ዋሸራ ወርዶ ቅኔ ተማረ ሲባል ሰምታለች። ልጄ እረፍቶቹን ትቆጥር ነበር። አሥራ አንድ ጊዜ አረፍን። ያቺን ዳገት እኔ ብቻዬን ብወጣት በአሥር ደቂቃ እጨርሳታለሁ፣ ምንም ሳላይ።

ደጁ ስንደርስ ከዘራዋን ለልጄ ሰጥታ ተንበረከከች። ግንባሯን ከድንጋዩ አስጠግታ ቆየች። ልጆቹም ዝም አሉ፤ ማንም ዝም በሉ አላላቸውም።

ጥድ ሥር አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ስበዋል። «ከወዴት መጣሽ እታለም?» አሏት። «የዚሁ ነኝ አያ፣ ቆይቼ ነው እንጂ» አለች። በቃ፣ ጨዋታው ተከፈተ። ልጄን አጠገባቸው አስቀምጠው የከተማዋን ስም አስያዙት። ማርቆስ ከመባሏ በፊት መንቆረር ትባል ነበር። ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ ነግሠው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሲባሉ መቀመጫቸው ይህችው ከተማ ነበረች። በዓመቱ፣ በ1874 ዓ.ም.፣ እምባቦ ላይ ከሸዋው ንጉሥ ከምኒልክ ጦር ጋር ተዋግተው ተሸነፉ፣ ተማረኩም። በ1888 ዓ.ም. ደግሞ ከዚያው ከምኒልክ ጋር ዓድዋ ዘመቱ።

«ተጣልተው አልነበር እንዴ?» አለ ልጄ።

«ተጣልተው ነበር» አሉ ሽማግሌው። «ታርቀው ደግሞ አብረው ዘመቱ። ምን ያስደንቅሃል?»

ልጄ ስለ ዓድዋ በትምህርት ቤት ተምሯል። ይህን ግን እዚያ ጥድ ሥር ነው የሰማው። እምዬም የራሷን ጨመረች። ጃንሆይ ከስደት ሲመለሱ አዲስ አበባ ከመግባታቸው አንድ ወር ገደማ ቀድመው፣ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ማርቆስ ገብተዋል። አባቷ ከሕዝቡ መሀል ቆመው አይተዋል። እኔ በዚያ ቤት ስኖር ስንት ዓመቴ ነው፣ አንድም ቀን ነግራን አታውቅም። እዚያው ቦታ ላይ ስትቆም ነው የመጣላት።

ከዚያ ወደ ገበያ ወረድን። ምሳችንን የበላነው አንዲት እናት ደጃፍ ላይ በተዘረጋ አግዳሚ ወንበር ነው። ቅቅል ድንች በቆጭቆጫ። ድንቹ ልጣጩ ሲነሳ እንደ ዱቄት ይፈረፈራል። ቆጭቆጫው አረንጓዴ ነው፣ ቃሪያው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ በሶብላው እዚያው በድንጋይ ወፍጮ ተደቁሶ የወጣ፣ ሽታው ከሩቅ የሚጠራ። ልጄ በጣቷ ጫፍ ቀምሳ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ግን ደገመች። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ «በርቺ የኔ ልጅ፣ የጎጃም ሰው ትሆኛለሽ» አለቻት። ጥብስ በልቶ የሚነሳ መንገደኛ ይህን አያገኝም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልግባ። ጠዋት ዳገቱን ስንወጣ፣ በመንገዳችን ላይ ይህ ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሠራው የሚነግር አንዲት ሰሌዳ አላየንም። ለድካም መቀመጫም አልነበረም፤ እምዬ አሥራ አንዱንም ጊዜ ያረፈችው ቆማ ወይ ግንብ ተደግፋ ነው። ከሰዓት አንድ ቢሮ ገብቼ የከተማዋን ካርታ ወይም የሚያስጎበኝ ሰው ጠየቅሁ። ጸሐፊዋ ትሑት ነበረች። «እንደዚህ የሚጠይቅ ሰው መጥቶብን አያውቅም» አለችኝ። አመንኳት። ሰው ካልቆመ ማን ይጠይቃል? የሚጠይቅ ከሌለ ደግሞ ማን ያዘጋጃል? እናንተ ጋዜጠኞች ግን ይህን ክር ከአንዱ ጫፍ መፍታት ትችላላችሁ። «ምሳ በልቶ መቀጠል ይቻላል» ስትሉ እንቀጥላለን። «አንድ ሌሊት እደሩ» ብትሉን እናድራለን።

ከተማዋ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ አላት። ታሪክ የሚያጠኑ ወጣቶች አሏት። ቅዳሜና እሑድ ዳገቱ ሥር ቆመው እንግዳ ይዘው ቢወጡ እነሱም የኪስ ገንዘብ ያገኛሉ፣ የእኔ ልጅም ሽማግሌ እስኪገጥመው አይጠብቅም። አግዳሚ ወንበርና አንድ የአማርኛ ሰሌዳ ብዙ ወጪ አይመስለኝም። ሽማግሌዎቹ ግን አይጠብቁም። የጥድ ሥሩ ሰውዬ ያኔ ከሰማንያ አልፈዋል።

ዛሬ ያንን መንገድ ልጅ ጭኖ መንዳት እንደማይሞከር አውቃለሁ። የእምዬ ዘመዶች እዚያው ናቸው። ስልካቸው ሲጠፋ ቤታችን ውስጥ እህል አይበላም። እናንተም «ሰላም ሲወርድ» ብላችሁ የጻፋችሁት ለዚህ እንደሆነ ገብቶኛል፣ ስላነሳችሁትም አመሰግናለሁ። ግን ያ ቀን ሲመጣ ሰዉ ያንን ጽሑፍ ይዞ ነው የሚነሳው። ማርቆስንም በአንድ መስመር ያልፋታል።

ስለዚህ ለከተማዋ ሙሉ ገጽ ስጧት። ሚያዝያ 30 የቅዱስ ማርቆስ በዓል ነው፣ ለዚያ ብታደርሱት ደስ ይለኛል። ከማርቆስ ወጥተው አዲስ አበባ የሚኖሩ እናቶችንና አባቶችን አነጋግሩ፤ የመጀመሪያዋን እኔ አገናኛችኋለሁ። መንቆረር የሚለውንም ስም እንዳትረሱ።

ልጄ ባሕር ዳር ስንደርስ ደብተሯ ላይ ዳገቱን ሥላው ነበር። ከታች እስከ ላይ አሥራ አንድ ነጥብ አለው፣ በየነጥቡ ከዘራ የያዘች ሴትዮ ቆማለች። አራተኛው ነጥብ ጋ የተሰበረ እንስራ አለ። ደብተሩ እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ለገጹ የሚሆን ሥዕል ካጣችሁ ፎቶ አንስቼ እልክላችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ