የነገን ተራ ላልተፈተነ ተጫዋች መስጠት ያዋጣል ወይ?

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በስፖርት ገጻችሁ ላይ በቅርቡ የወጣ አንድ ጽሑፍ፣ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድኖች በመጪዎቹ ዓመታት የሚደርሳቸውን የተጫዋች መምረጫ ተራ አሳልፈው እየሰጡ በምትኩ ገና በትልቅ ሜዳ ያልታየ ወጣት የሚያመጡበትን አሠራር አወድሶ፣ የእኛም ክለቦች ከዚህ ድፍረት እንዲማሩ መክሯል። ጸሐፊው በማስረጃነት ያቀረቡት የካንሳስ ሲቲውን ፓትሪክ ማሆምስን ሲሆን፣ ስለ እሱ የጻፉት ሁሉ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ከሠመረው ይልቅ ያልሠመረው በሚበዛበት ጉዳይ ላይ አንዱን ብቻ አንሥቶ ሌላውን ሁሉ መምከር ስለማያስኬድ፣ የበኩሌን ለማለት ይህን ደብዳቤ ከደሴ ጽፌያለሁ። አሜሪካንን የሚመለከቱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አሠራሩን ላልተከታተለ አንባቢ ባጭሩ ለማስረዳት፣ በአሜሪካው ብሔራዊ የፉትቦል ሊግ ያሉት 32 ቡድኖች ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡትን ተጫዋቾች የሚወስዱት በገንዘብ ተሻምተው ሳይሆን ድራፍት በሚባለው ሥርዓት በየተራቸው እየመረጡ ነው። ሥርዓቱ ከ1936 ጀምሮ ያለ ሲሆን ዛሬ ሰባት ዙር አለው፤ በየዙሩ ቅድሚያ የሚያገኘው ባለፈው የውድድር ዘመን መጨረሻ የወጣው ቡድን ነው፣ ሻምፒዮኑ የሚመርጠው ከሁሉም በኋላ ነው። ሐሳቡ ደካማው እንዲያንሠራራ ነበር። ተራው ግን ሊለወጥና ሊሸጥ የሚችል ንብረት ስለሆነ፣ የዘንድሮው አልበቃ ያለው ቡድን የከርሞውንና የከርሞ ወዲያውን ጨምሮ እየሰጠ ከፊት ያለውን ተራ ይገዛል። ዕቁብተኛ የሆነ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ቸኩሎ ገንዘብ የፈለገ ዕቁብተኛ ዕጣ ከወጣለት ሰው ላይ ጥቂት ከፍሎ ተራውን እንደሚገዛው ማለት ነው። ልዩነቱ፣ በዕቁብ እያንዳንዱ የሚጥለው ገንዘብ አስቀድሞ መታወቁ ሲሆን፣ በድራፍት ግን ተራውን አሳልፎ የሰጠ ቡድን ምን ያህል ዕዳ እንደገባ የሚያውቀው ከዓመት በኋላ ነው፤ ያመጣው ወጣት ካልሠራለት ቡድኑ መጨረሻ ይወጣል፣ መጨረሻ ሲወጣ ደግሞ አስቀድሞ የሰጠው ተራ የሁሉ ፊት የሆነው ውድ ተራ ይሆናል። ባጭሩ፣ ቡድኑ በወደቀ መጠን ዕዳው ይከብዳል ማለት ነው። የአሠራሩ አደጋ በዋናነት እዚህ ላይ ነው እላለሁ፤ በጽሑፉ ውስጥ ግን አልተነካም።

ካሮላይና በ2023 ያደረገው ይህን በግልጽ ያሳያል። ቡድኑ ብራይስ ያንግ የተባለውን ኳርተርባክ፣ ማለትም የማጥቃት ጨዋታውን የሚመራውን ኳስ አከፋፋይ፣ በአንደኛው ተራ ለመውሰድ ሲል ለቺካጎ የዚያን ዓመት ሁለት ተራዎች፣ የ2024ን አንደኛ ዙር፣ የ2025ን ሁለተኛ ዙርና ዲጄ ሙር የተባለውን ምርጥ ተጫዋቹን ሰጠ። በዚያው ዓመት ካሮላይና ከ17 ጨዋታ ያሸነፈው 2 ብቻ ነበር፤ አሠልጣኙ ዘመኑ ሳያልቅ ተሰናበቱ፤ ለቺካጎ የሰጠው የ2024 ተራ ደግሞ ከሁሉ የመጀመሪያው ሆኖ ቺካጎ ኬሌብ ዊልያምስን መረጠበት። በ1999 ማይክ ዲትካ የሚያሠለጥኑት ኒው ኦርሊንስም ሪኪ ዊልያምስ ለተባለ አንድ ሯጭ ሲል የዚያን ዓመት ተራዎቹን ሁሉ፣ በላዩም ላይ የ2000ን አንደኛና ሦስተኛ ዙር ለዋሽንግተን ሰጥቶ፣ ከ16 ጨዋታ 3 ብቻ አሸንፎ ጨርሷል። የሰጠው ተራ በቀጣዩ ዓመት ሁለተኛው ተራ ሆኖ ተገኘ፤ ዲትካም ከሥራቸው ተነሡ።

ዋሽንግተን ራሱ ከዚህ አለመማሩ ያስገርማል። በ2012 ሮበርት ግሪፊንን ለመውሰድ ሦስት የአንደኛ ዙር ተራዎችንና አንድ የሁለተኛ ዙር ተራ ለሴንት ሉዊስ ራምስ አስረከበ። በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖሩ የወሎ ልጆች ብዙ ስለሆኑ፣ ያን ሰሞን በስልክ የሚወራው ስለ ዶላር ምንዛሪ ብቻ ሳይሆን ስለዚህ ወጣትም እንደነበር አስታውሳለሁ። ግሪፊን በመጀመሪያ ዓመቱ በማጥቃት ክፍል የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ፤ በጥር 2013 ጉልበቱን ተጎዳ፤ ከዚያ በኋላ የቀድሞው ሰው አልሆነም። የነገሩ መራራ ክፍል የመጣው በታኅሣሥ 2014 ነው። ራምስ ዋሽንግተን ድረስ ሄዶ ሲጫወት፣ አሠልጣኙ ለሳንቲም ዕጣው አምበል አድርገው ወደ ሜዳው መካከል የላኳቸው ስድስቱም ተጫዋቾች በግሪፊን ልውውጥ ባገኙት ተራ የተመረጡ ነበሩ። ባለሜዳው ደጋፊ የሸጠውን ነገ በስድስት ሰው ተመስሎ ቆሞ አየው፤ ጨዋታውም በራምስ አሸናፊነት 24 ለ 0 ተጠናቀቀ። ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ራምስም ቢሆን ባከማቸው ተራ ሁሉ በደንብ ስላልመረጠበት በእነዚያ ዓመታት ከግማሽ በላይ ጨዋታ ያሸነፈበት የውድድር ዘመን የለም። ተራ ማብዛት ብቻውን ቡድን አይሠራም። ሆኖም ብዙ ተራ የያዘ ሰው ሁለት ጊዜ ተሳስቶ ሦስተኛውን የመሞከር ዕድል አለው፤ ሁሉን በአንድ ሰው ጉልበት ላይ ያኖረ ግን የለውም።

«ባለሙያዎቹ መልማዮች ማንን መምረጥ እንዳለባቸው ያውቃሉ» የሚለውም ክርክር ብዙ አያራምድም። ኋላ በ2017 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸላሚ የሆኑት ሪቻርድ ታለር ከኬድ ማሲ ጋር በ2013 ባሳተሙት የድራፍት ጥናት፣ አንድ የተመረጠ ተጫዋች በእሱው ቦታ ከእሱ ቀጥሎ ከተመረጠው ተጫዋች ተሽሎ የመገኘት ዕድሉ ከግማሽ ጥቂት ብቻ ከፍ እንደሚል አሳይተዋል። ቡድኖቹ ሚሊዮኖች ዶላር አውጥተው የሚያሠሩት ምልመላ ሁለት ተቀራራቢ ወጣቶችን ለመለየት ሲመጣ ሳንቲም ወደ ላይ ከመወርወር እምብዛም አይርቅም ማለት ነው። በዚህ ላይ በቡድኖቹ መካከል የቆየው የልውውጥ ልማድ የከርሞውን የአንደኛ ዙር ተራ በዘንድሮው የሁለተኛ ዙር ዋጋ ይተምነዋል። አንድ ዓመት ለመታገሥ ያልፈለገ ቡድን የሚከፍለውን ይህን ያህል ወለድ በእኛ ገበያ ሰዉ አራጣ ብሎ ይጠራዋል እንጂ ድፍረት አይለውም።

ወደ ማሆምስ ልመለስ። በ2017 ካንሳስ ሲቲ 27ኛ ተራውን፣ የዚያን ዓመት አንድ የሦስተኛ ዙር ተራና የ2018ን አንደኛ ዙር ለቡፋሎ ሰጥቶ 10ኛውን ተራ ወሰደ፤ ሦስት ሱፐር ቦውል፣ ማለትም የሊጉ የፍጻሜ ዋንጫ፣ ተገኘበት። (ፍጻሜው የሚጀመረው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ፣ እዚህ ከተማ ሦስቱንም በቀጥታ ያየ ሰው ቢገኝ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው።) ጸሐፊው ያላነሡት፣ ካንሳስ ሲቲ ማሆምስን ያመጣው በቀደመው ዓመት ከ16 ጨዋታ 12 ካሸነፈ በኋላ መሆኑን ነው። አሌክስ ስሚዝ የተባለ ልምድ ያለው ኳርተርባክ በቦታው ስለነበር ወጣቱ የመጀመሪያ ዓመቱን ተጠባባቂ ሆኖ ሲማር ቆይቶ፣ በቋሚነት የተሰለፈው በመጨረሻው መደበኛ ጨዋታ ብቻ ነው። የሰጠው የከርሞ ተራም ጠንካራ ቡድን በመሆኑ ከኋላ የሚገኝ ርካሽ ተራ ነበር። በዚያው ድራፍት ቺካጎ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ለመሻገር ብቻ፣ ማለትም አንድ እርምጃ ለመቅደም፣ ሦስት ተጨማሪ ተራዎችን ከፍሎ በዩኒቨርሲቲ በቋሚነት 13 ጨዋታ ብቻ የተሰለፈውን ሚቸል ትሩቢስኪን ወሰደ፤ ማሆምስ ገና ሳይመረጥ ተቀምጦ ነበር። ሁለቱም ቡድኖች ደፋሮች ነበሩ፤ የሠመረለት ግን ካንሳስ ሲቲ ብቻ ነው። የለያያቸው ድፍረቱ አልነበረም።

ሳን ፍራንሲስኮም በ2021 ሦስት የአንደኛ ዙር ተራዎችንና አንድ የሦስተኛ ዙር ተራ ለማያሚ ከፍሎ፣ በዩኒቨርሲቲ አንድ ሙሉ የውድድር ዘመንና አንድ ተጨማሪ ጨዋታ ብቻ የመራውን ትሬይ ላንስን አመጣ። ላንስ ለሳን ፍራንሲስኮ በቋሚነት የተሰለፈው 4 ጨዋታ ብቻ ነው፤ በነሐሴ 2023 ለዳላስ በአንድ የአራተኛ ዙር ተራ ተላለፈ። ቡድኑን ለሱፐር ቦውል ያበቃው በ2022 ድራፍት የመጨረሻው፣ 262ኛው ሆኖ የተመረጠው ብሮክ ፐርዲ ነበር። የተቀረው የቡድኑ አካል ስለተሟላ ስሕተቱን ተሸክሞ መሄድ ችሏል፤ ይህን የመሰለ ትከሻ ያለው ቡድን ግን ጥቂት ነው።

ለተቃራኒው ወገን አንድ ነገር እቀበላለሁ። በ2011 የተደረሰው የሠራተኛ ስምምነት የአዳዲስ ተጫዋቾችን ደመወዝ ዝቅ አድርጎ ስለወሰነው፣ ጥሩ ወጣት ኳርተርባክ ያገኘ ቡድን ለአራት ዓመታት ያህል የሚተርፈውን ገንዘብ ሌላውን ክፍል ለማጠናከር ያውለዋል። ጥቅሙ ትልቅ ነው። ይሁንና ቡድኖች ወደዚህ ንግድ የሚገቡት በስሌት ብቻ አይመስለኝም፤ ወሳኞቹ ሥራቸው በቀጣዩ ጥቂት ወራት ውጤት ላይ የተንጠለጠለ አሠልጣኝና ሥራ አስኪያጅ ናቸው። ከተሳካ ምስጋናው የእነሱ ነው፤ ካልተሳካ ከሦስት ዓመት በኋላ ባዶ ተራ የሚረከበው በእነሱ ቦታ የተተካው ሰው ነው።

በሀገራችን እግር ኳስ ድራፍት ባይኖርም ይህ የወሳኝና የከፋይ መለያየት ግን በደንብ አለ። አብዛኞቹ ክለቦቻችን የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደሮችና በመንግሥት ድርጅቶች በጀት ሲሆን፣ የተጫዋቾች ውል በብዛት ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ነው። ለአጥቂ ግዥ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚነካው የታዳጊ ቡድኑ ነው። እኔ በደጋፊ ኮሚቴ ውስጥ ባገለገልኩበት በአንድ ክለብ፣ በግማሽ ዓመቱ የዝውውር ወቅት አንድ አጥቂ የተወሰነለት በስልክ በተላከ አጭር ቪዲዮ ነው። ቪዲዮው ሙዚቃ ነበረው፤ ጎሎች ነበሩት፤ ተጋጣሚው ማን እንደሆነ፣ ጨዋታው የስንት ዓመት እንደሆነ ግን የጠየቀ አልነበረም። የፊርማ ገንዘቡ ተከፈለ። በዚያው ሳምንት ከ20 ዓመት በታች ያሉት ልጆች በሐረጎ ቁልቁል ወርደው ኮምቦልቻ ላይ የሚያደርጉት ጨዋታ ነበራቸው፤ ማሊያቸውን በፌስታል ይዘው መናኸሪያው በር ላይ እስከ ረፋዱ ቆሙ፤ የሚኒባሱ ኪራይ ሳይለቀቅ ቀርቶ ጨዋታው በፎርፌ ተሸነፉ ተብሎ ተመዘገበ። አጥቂው በዓመቱ መጨረሻ ውሉን ጨርሶ ሄደ፤ ግዥውን ያጸደቁት ሰውም ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛውረው ነበር። ከዚያ ቡድን ሁለቱ ልጆች አሁን የባጃጅ ሹፌሮች ናቸው።

ታዳጊ ማሳደግ በገንዘብም ቢታይ ከንቱ አይደለም። በፊፋ ደንብ መሠረት አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ ከአንድ ሀገር ወደ ሌላ ሀገር በዝውውር ክፍያ ሲሄድ፣ ከክፍያው 5 በመቶ ከ12 እስከ 23 ዓመት ዕድሜው ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። በሆጤ ሜዳ ከሰዓት በኋላ፣ የጦሳ ጉም ወርዶ የግብ ብረቱን እስኪሸፍነው ድረስ የሚሮጡት ልጆች ከዚህ ድርሻ የሚያስገኙት፣ ክለቡ በስማቸው መዝግቦ የያዘው ሰነድ ካለ ብቻ ነው። ሰነዱ የሚዘጋጀው በበጀት ነው፤ በጀቱ ደግሞ ወደ አጥቂው ፊርማ ይሄዳል።

አዲስ ተጫዋች በጭራሽ አይገዛ እያልኩ አይደለም። ቋሚ ግብ ጠባቂውና ተከላካዩ የተሟላ፣ አዲስ መጤውን ለአንድ ዓመት ተጠባባቂ አድርጎ የማሳደግ ትዕግሥት ያለው ክለብ ቢሞክር አልቃወምም። ወራጅ ቀጠና ላይ ተንጠልጥሎ ያልታወቀ ልጅን እንደ አዳኝ የሚያስፈርም ክለብ ግን ካሮላይና የሠራውን እየደገመ ነው፤ ልዩነቱ ካሮላይና ቢያንስ ምን እንደሰጠ በይፋ የተመዘገበ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ለጋዜጣችሁ አንድ ጥያቄ አለኝ። አንድ ክለብ አዲስ ተጫዋች አስፈረመ ብላችሁ ስትዘግቡ፣ ተጫዋቹ ባለፈው የውድድር ዘመን ስንት ደቂቃ እንደተጫወተ፣ ክፍያው ከየትኛው የበጀት ርዕስ እንደወጣና በዚያው ዓመት ከታዳጊ ቡድኑ ወደ ዋናው ቡድን ያደገ ልጅ መኖር አለመኖሩን አብራችሁ ጠይቁልን። ክለቡ መልስ ካልሰጠ፣ መልስ አለመስጠቱንም ጻፉት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ፣
ከደሴ