ለአርጃኖ ቤት ስሠራ ትዝ ያልከኝ

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? ባለቤትህስ? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው። ቆጠርኩት። ጋሼ ማረፋቸውን የሰማሁ ዕለት ሥራ ላይ ነበርኩ። ማታ እደውላለሁ አልኩ። ማታ ስገባ እናንተ ዘንድ ሌሊት ሆኗል፣ ነገ ይሻላል ብዬ ተውኩት። በነጋታውም እንዲሁ። ሳምንት ሲያልፍ «አሁን ምን ብዬ ልደውል?» የሚል ነገር መጣ። ወር ሲሞላ ደግሞ እፍረቱ ከኀዘኑ በለጠ። ከዚያ በኋላ ስምህን ስልኬ ላይ ሳየው ቶሎ አሳልፈው ጀመር። ሰበብ አልደረድርም። ነፍሳቸውን ይማር። አንተንም ያጽናህ፣ ቢዘገይም።

አሁን ብዕር ያስነሳኝን ነገር ብነግርህ ትስቃለህ። አርጃኖ አለኝ። አዎ፣ አርጃኖ፣ ያ ትልቁ እንሽላሊት። ቤት ውስጥ። ቤት የሠራሁለትም እኔ ነኝ፣ በኮምፔንሳቶና በሞራሌ። የጋሼ ወርክሾፕ ውስጥ ሦስት ክረምት ሚስማር አቃንቼ ያተረፍኩት ሙያ ለዚህ ዋለልህ።

ጣና ዳር ድንጋይ የምንወረውርበት ዓይነት እንዳይመስልህ። ያኛው የዓባይ አርጃኖ ነው፣ ሁለት ሜትር ሊደርስ ይችላል፣ ዋናተኛ ነው። ደንገል ውስጥ ተኝቶ ሳናየው ስንደርስበት ጧ! ብሎ ውኃ ውስጥ ሲገባ እኛ ደግሞ ወደ ኋላ ስንሮጥ ትዝ ይልሃል? የእኔው የሳቫና አርጃኖ ይባላል። አጠር፣ ደንደን ያለ፣ ከራስ እስከ ጭራ አንድ ሜትር ገደማ። አገሩ ምዕራብ አፍሪካ ነው። ለአሜሪካ ገበያ የሚመጡት በብዛት ከጋና፣ ከቶጎና ከቤኒን ነው። እንቁላል የያዘችውን እናት ከጉድጓድ ቆፍረው ያወጣሉ፣ እንቁላሉ ይፈለፈላል፣ ጫጩቶቹ በሺዎች ተጭነው ይመጣሉ። የአንድ እጅ መዳፍ የምታህል ስትሆን ርካሽ ናት። ጣጣው የሚመጣው በኋላ ነው።

የእኛ ጣጣ የመጣው በልጄ በኩል ነው። የክፍል ጓደኛው ቤተሰብ ቤት ሊቀይር ሆነ፣ እንስሳው የሚሄድበት ጠፋ፣ የእኔ ጀግና ተቀብሎ መጣ። ከነመስታወት ሳጥኑ። ሳጥኑ ርዝመቱ 90 ሳንቲ ሜትር ነው፣ እንስሳው ደግሞ 80። የሸጠላቸው ሱቅ «እንደ ሳጥኑ ልክ ነው የሚያድገው» ብሏቸው ነበር አሉ። እንደ ሳጥኑ ልክ የሚያድግ ፍጥረት አይተህ ታውቃለህ? ባለቤቴ ገና ከደጅ «ይሄ ነገር እዚህ ቤት ኪራይ ይከፍላል?» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ «ተከራዩ» ሆኖ ቀረ።

መጀመሪያ ከተማችን ይፈቅድ እንደሆነ አጣራሁ። እዚህ አገር ሕጉ ከከተማ ከተማ ይለያያል። ተፈቅዷል ተባልኩ። ከዚያ ስድስት ወር ያህል ደስ ብሎን ኖርን። በጣም ለማዳ ነው፣ አይናከስም፣ አይሮጥም። ልጄ ጭኑ ላይ አስተኝቶት የቤት ሥራውን ይሠራል። በሳምንት ሁለት አይጥ ይበላል። ሆዱ መሬት ይጠርግ ጀመር፣ እኛ ደግሞ «ሰውነቱ አማረበት» እንላለን።

አንድ ቀን ምግብ እምቢ አለ። ዓይኑ ጎድጎድ ብሏል። የተሳቢ እንስሳት ሐኪም ዘንድ ይዘነው ሄድን። ሐኪሟ ቆዳውን ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው፣ እጥፋቱ እንዳለ ቀረ። ከዚያ ቀና ብላ ልጄን አየችውና «ለማዳ አይደለም፣ በርዶታል» አለችው።

ይህች ነገር እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣችም። ተሳቢ እንደ እኔና እንደ አንተ የራሱን ሙቀት አያመርትም። ሙቀቱን ከውጭ ካላገኘ የበላው አይፈጭለትም፣ እግሩም አይታዘዝለትም። ዝም ብሎ ይቀመጣል። እኛ ያንን ፍቅር ነው ብለን ፎቶ እናነሳለን። ውኃውም እንደዚሁ ነው። የዴንቨር አየር ደረቅ መሆኑን ታውቃለህ፣ ክረምት ላይ ከንፈራችን ይሰነጠቃል። የመስታወት ሳጥኑ ክዳን ወንፊት ነበር፣ ሙቀቱም እርጥበቱም በዚያ ይወጣል። ሰውነቱ ሲደርቅ ኩላሊቱ ይጎዳል፣ ሪህ ይይዘዋል። እንሽላሊት ሪህ ይይዘዋል ሲሉኝ እኔም እንዳንተ ነው የሳቅሁት። አይጡ ደግሞ ጉበቱን በስብ ሞልቶታል። በአገሩ ፌንጣ፣ ጢንዚዛ፣ ቀንድ አውጣ ነው የሚለቅመው። ጋና ላይ ያጠኑት ሰዎች ግልገሎቹን ያገኟቸው ትልልቅ ፌንጣዎች በቆፈሩት ጉድጓድ ውስጥ ነው። መጠለያውም ጓዳውም ያው ጉድጓድ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ዋናው ነገር አፈር ነው። የሚቆፈር፣ ርጥብ፣ ጥልቅ አፈር።

እንግዲህ ልኩን ልንገርህ፣ አንተ ይገባሃል። ርዝመት 2.4 ሜትር፣ ወርድ 1.2። ያ ማለት አንድ ሉህ ኮምፔንሳቶ ሳይቆረጥ ወለል፣ አንዱ ጣሪያ፣ ደስ ይላል። ቁመቱን 1.5 አደረግሁት፣ ምክንያቱም 60 ሳንቲ ሜትሩን አፈሩ ይበላዋል። ሒሳቡን ሠራሁት። ወደ ሁለት ቶን ተኩል አፈር። ሁለት ቶን ተኩል! የአሜሪካ ቤት ወለሉ እንጨት ነው፣ ፎቅ ላይ ቢቀመጥ ከነአፈሩ ምድር ቤት ድረስ እንወርዳለን። ስለዚህ ቤዝመንት፣ ኮንክሪቱ ላይ።

ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ገዛሁ። ውስጡን ውኃ የማያስገባ ቀለም ሦስት ጊዜ ቀባሁት፣ መጋጠሚያውን በሲልከን ዘጋሁ፣ ከታች ለኩሬ የሚነጠፈውን ወፍራም ጎማ አነጠፍኩ። ቀለሙና ሲልከኑ ሽታው እስኪጠፋ ሁለት ሳምንት ክፍት ተውኩት። አየር ማስገቢያው ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ብቻ ነው። እስከዚህ ድረስ በራሴ ኮርቻለሁ።

አፈሩን አንድ የአገራችን ልጅ በፒካፑ አመጣልኝ። ማዳበሪያም መድኃኒትም ያልነካው አፈር፣ ከአሸዋ ጋር የተቀላቀለ። መፈተኛው ቀላል ነው። እርጥብ አድርገህ ትጨብጠዋለህ፣ ቅርጹን ከያዘ፣ በጣት ስትበሳውም ቀዳዳው ካልፈረሰ ጥሩ ነው። ያው የጭቃ ቤት አፈር እንደሚመረጠው። ከደጅ እስከ ቤዝመንት ድረስ በባልዲ አጋዝነው፣ እኔና ልጄ፣ ቅዳሜ ሙሉ። ትንሽ ትንሽ እያረጠብን፣ በእግር እየረገጥን ሞላነው። ሁለት ሦስተኛው ላይ ስንደርስ ጧ የሚል ድምፅ ሰማሁ። የፊተኛው ግድግዳ ሆዱ ተነፍቷል። እንደ ነፍሰ ጡር። መጋጠሚያው በጣት ስፋት ተከፍቶ አፈሩ እየረገፈ ነው።

ባልዲዬን ይዤ ቆሜ ማን ትዝ እንዳለኝ ታውቃለህ። ያኔ ለጎረቤት የእህል ጎተራ ስንሠራ ጋሼ አግዳሚ ሲደጋግሙ «ምን ይበዛል ይሄ ሁሉ?» ብለናቸው ነበር። እርሳስ ከጆሯቸው አውርደው ሳንቃው ላይ ቀስት ሳሉ፣ ወደ ውጭ። «እህል ወደ ታች ብቻ የሚጫን ይመስላችኋል? ወደ ጎንም ይገፋል፣ እንደ ውኃ» አሉ። አፈርም ያው ነው። እኔ ሚስማሩን እንጂ ቀስቱን አልያዝኩትም ነበር።

ያን ሁሉ አፈር መልሰን አወጣን። ልጄ አላናገረኝም። በአካፋ እየዛቅሁ አንድ ነገር ሆዴን ባር ባር አለው። ለጋሼ አንዲት ዘገን አፈር አላለበስኩም። እዚህ ደግሞ ለእንሽላሊት በቶን እዝቃለሁ። ልጄ «ላብ ነው?» አለኝ፣ «ላብ ነው» አልኩት።

ፊትና ኋላውን በሦስት ሦስት ሞራሌ አሰርኩት፣ ውስጥ ለውስጥ ደግሞ በረጅም ብሎን ወጠርኩት። ሁለተኛው ጊዜ ላይ አልተንቀሳቀሰም።

ሙቀቱ ነው ደግሞ የሚገርምህ። የሚሞቅበት ቦታ የገጹ ሙቀት ከ55 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መሆን አለበት። እጅህን አታስቀምጥበትም። በሌላኛው ጫፍ ግን 25 አካባቢ፣ ሲበቃው የሚሸሽበት። መለኪያዬ በኮሮና ጊዜ በየበሩ ግንባራችን ላይ የሚደግኑብን ዓይነት ሽጉጥ መሳይ ቴርሞሜትር ነው። አምፖሉም አንድ አይበቃም። አንድ ብቻ ከሆነ ጀርባውን አንድ ቦታ ላይ ያቃጥለዋል፣ ጭራውና እግሩ ግን እንደበረደው ይቀራል። ሦስት ሃሎጅን አጠገብ ለአጠገብ አድርጌ፣ እንዳይደርስባቸው በሽቦ ከለልኳቸው። ለአጥንቱ ደግሞ አልትራቫዮሌት የሚሰጥ ረጅም ቱቦ መብራት አለ። መስኮት አጠገብ ማስቀመጥ ዋጋ የለውም፣ መስታወቱ የሚያስፈልገውን ጨረር ያስቀረዋል። ቱቦው ቢበራም ጨረሩ እየደከመ ስለሚሄድ በዓመት አንዴ ይቀየራል።

ከአምፖሎቹ ሥር ከተረፈው ኮምፔንሳቶ አንድ ነገር ሠራሁ። ሰባት ቁራጭ፣ አንዱ በሌላው ላይ፣ በመሃላቸው አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት። ሬቴስ በሚባል አሜሪካዊ አርቢ ስም ነው የሚጠራው። የላይኛው ጣውላ ይፋጃል፣ የታችኛው ቀዝቀዝ ይላል፣ እሱ የሚስማማውን ፎቅ ይመርጣል። ኮንዶሚኒየም በለው።

ምግቡ አሁን በረሮ ነው፣ ካልሲየም ዱቄት የተነሰነሰበት። ቀንድ አውጣም አልፎ አልፎ። ባለቤቴ «እናቴ በረሮ በገንዘብ እንደምንገዛ ብትሰማ ከአውሮፕላን አትወርድም» ትላለች። እሱን ከነካን በኋላ እጅ መታጠብ ግዴታ ነው፣ ሳልሞኔላ ይኖርበታል። ትንሿ ልጄ ይህን ሕግ ከጸሎት ይልቅ በቃሏ ይዛዋለች።

ያስገባነው ቀን ማታ አፈሩን በምላሱ ዳሰሰው። ሹካ የመሰለች ምላሱን ያወጣል፣ ይመልሳል። ከዚያ ቀኝ እጁን አንስቶ አንዴ ቧጠጠ። ቆመ። እንደገና ቧጠጠ። ከዚያ ያ ጭን ላይ የሚተኛ ሰነፍ ፍጥረት በሁለት እጁ እየዛቀ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከነጭራው ገባ።

ስድስት ቀን አልወጣም። ልጄ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቦርሳውን ሳያወርድ ይወርዳል። «ሞቶ ቢሆንስ? ልቆፍር?» ይለኛል። «ተወው» እለዋለሁ፣ እኔም ማታ ማታ በባትሪ እየሄድኩ አያለሁ። በሰባተኛው ቀን ከጉድጓዱ አፍ ላይ አፍንጫው ብቅ አለ። ጭቃ በጭቃ። ልጄ በደስታ ሲጮህ ተከራዩ አንገቱን ነፋ፣ እንደ እባብ ተነፈሰ፣ በጭራው የአዲሱን ቤቱን መስታወት ዷ አድርጎ መትቶ ተመልሶ ገባ። ልጄ ዓይኑ እንባ ሞላ። «ጠላኝ» አለ። ደውዬ ለሐኪሟ ስነግራት ሳቀች። ጤነኛ አርጃኖ ሰው ሲያይ እንደዚያ ነው አለች።

አሁን አራት ወሩ ነው። ሆዱ ወርዷል። ጭን ላይ አይተኛም። ግን ልጄ ሲቀመጥ ከመስታወቱ ማዶ መጥቶ ያየዋል፣ በረሮውንም ከመቆንጠጫ ይቀበለዋል። በሳምንት አንዴ በአንዱ ጥግ ውኃ አፈስበታለሁ፣ አፈሩ ከሥር እንዳይደርቅ። ያን ጊዜ የሚነሳውን ሽታ ታውቀዋለህ። ባለቤቴ ሳትጠራ ትወርዳለች።

አንድ ችግር ግን አለብኝ፣ ለዚህም ነው አንተን የፈለግሁህ። ከመስታወቱ ጎን ያለው የኮምፔንሳቶ በር ከውስጥ በኩል እርጥበቱና ሙቀቱ እየተፈራረቀበት እየተጣመመ ነው። ላይኛው ጥግ በጣት ያህል ወጥቷል፣ ሌላ ማጠፊያ ጨመርኩ፣ አልረዳም። በላሜራ ላልብሰው ወይስ ከነጭራሹ ሞራሌ ፍሬም ሠርቼ ልጀምር? ጋሼ እንዲህ ያለውን ነገር ምን ያደርጉት ነበር?

ፎቶውን በስልክ እልክልሃለሁ፣ ቁጥርህ ያው ከሆነ። እሁድ ከቅዳሴ ስትመለሱ እደውላለሁ። ካላነሳህም ሰኞ እደውላለሁ።

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፣ ልጆቹን ሳምልኝ። እማማን ደግሞ እኔ ራሴ ይቅርታ እስክጠይቃቸው ድረስ ምንም አትበላቸው።

ወንድምህ፣ ከዴንቨር