ዝም ያልኩበት ምክንያት

የኔ ቆንጆ፣ እንዴት ነሽልኝ?

በጥቅምት የላክሽልኝ የድምፅ መልእክት አሁንም ስልኬ ላይ አለ። «ምን አጥፍቼ ነው?» ትያለሽ። ምንም አላጠፋሽም። «አርግዣለሁ» ብዬ ጀምሬ «ካንሰርም አለብኝ» ብዬ መጨረስ አቅቶኝ ነው።

በ11ኛው ሳምንት አልትራሳውንድ ልነሳ ገባሁ። ሐኪሟ ፅንሱን ካሳየችኝ በኋላ እጇ ወደ ግራ ጎኔ ሄዶ ቆመ። ወሬዋም አብሮ ቆመ። እንቁላል ማምረቻዬ ላይ እጢ አለ። «አብዛኛው ውሃ የቋጠረ ነው፣ በራሱ ይጠፋል፤ እስከ 16ኛው ሳምንት እንጠብቅ» አለችኝ። የእኔው አልጠፋም፤ አደገ። ሲኤ 125 የሚሉት ካንሰር ጠቋሚ የደም ምርመራም ብዙ አልረዳም፤ ለካ እርግዝና ብቻውንም ከፍ ያደርገዋል። ሌላ ቦታ ያማከርኩት ሐኪም ደግሞ ናሙና እንኳ ሳይወሰድ «አስወርጂውና እንጀምር» አለኝ። እስካሁን ይከነክነኛል።

በ17ኛው ሳምንት የግራውን አወጡልኝ፤ ማህፀኔና ቀኙ ተረፉ። ከማደንዘዣው ስነቃ መጀመሪያ የሰማሁት የልጄን የልብ ምት ነው። ነርሷ ሆን ብላ ድምፁን ከፍ አድርጋልኝ ነበር። የናሙናው ውጤት ግን ካንሰር ሆነ።

ከዚያ ኬሞ፣ የካንሰሩ መድኃኒት። አዎ፣ ልጅ በሆዴ ይዤ! እኔም አላመንኩም ነበር። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት የፅንሱ አካል ስለሚሠራ አይሰጥም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሰል የሚባሉት የኬሞ መድኃኒቶች ይሰጣሉ። በየ3 ሳምንቱ፣ 4 ጊዜ ወሰድኩ። ፀጉሬ ይረግፋል፣ እሷ ትራገጣለች። አማቴ ጠበል ታመጣልኛለች፤ ጠበሉንም ጠጣሁ፣ ኬሞውንም አልተውኩም። የእኔም የእሷም ደም እንዲያገግም ብለው ከመውለዴ በፊት ከ3 ሳምንት በላይ አሳረፉኝ።

በ37ኛው ሳምንት ተወለደች። እሷ ፀጉራም፣ እኔ መላጣ! ከሁሉ የከበደኝ ጡት አለማጥባቴ ነው። 2 ዙር ስለቀረኝ ተከለከልኩ። ወተቱ እስኪደርቅ ድረስ ባለቀሰች ቁጥር ቀሚሴ ይረጥባል፤ እኔ ጡጦ ይዤ እቀመጣለሁ።

አሁን አንድ ዙር ቀርቶኛል። ክርስትናዋ በ80 ቀኗ፣ የዛሬ 3 ሳምንት ነው። ክርስትና እናቷ አንቺ ነሽ፤ ለማንም አልሰጠሁብሽም። ስትመጪ ለእኔ ኮፍያ ያዢልኝ፣ ሻሹ ሰልችቶኛል።