የቅርስ ክበብ የዓመቱ ሥራ፦ የገበያ ዳሩ ባለ ፎቅ ሱቅ

የምዕራብ ጎጃሟ ቡሬ ድሮ ዓባይን ተሻግሮ ከወለጋ የሚመጣው የነጋዴ ቅፍለት የሚያርፍባት ገበያ ነበረች። ያችን ገበያ የሚያስታውሱ ቤቶች እየተመናመኑ ስለሆነ ክበባችን ዘንድሮ ገበያ ዳር ያለውን ባለ አንድ ፎቅ የጭቃና የእንጨት ሱቅ አጥንቷል።

ሥራው በልኬት ተጀመረ። አባላቱ ፕላኑን በ1፡50 ሣሉት፤ ይኸውም ቤቱ ላይ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነው ወረቀት ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ነው። የድሮ ቤት ማዕዘን ቀጥ ስለማይል ከጥግ እስከ ጥግ ሁለቱም ሰያፎች ካልተለኩ ሥዕሉ አይገጥምም።

ቀጥሎ ጉዳቱን መፈለግ ነበር። ለዚህ ወስፌ ይበቃል፤ የቋሚውን እግር ሲወጉት ጤነኛ ጽድ ወስፌውን ይመልሳል፣ የበሰበሰው ይቀበለዋል። የበሰበሱት በመንገዱ በኩል ያሉት ናቸው። በጠጠር ላይ ጠጠር፣ ኋላም ኮብልስቶን ሲነጠፍ መንገዱ ከሱቁ ወለል ስንዝር ያህል ከፍ ስላለ የክረምቱ ጎርፍ ግድግዳው ሥር ይተኛል። ይባስ ብሎ የግድግዳው ታችኛ ክፍል በሲሚንቶ ተለስኗል። ቤቱን ለማጠንከር ታስቦ የተደረገው ይህ ልስን ከዕድሜው ይበልጥ ጎድቶታል። ጭቃ የሳበውን እርጥበት በበጋ ይተፋል፤ ሲሚንቶ ግን መውጫ ይዘጋበታል። እርጥበቱ ማገሩ ላይ ይቀራል፣ ምስጥም ይከተላል። ሲንኳኳ ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ልስን ከጭቃው ተላቋል ማለት ነው።

በሲሚንቶው ፋንታ የሚሆነውን የጭቃ ምርጊት የሞከርነው ሱቁ ላይ ሳይሆን ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ በተማገረ እንጨት ላይ ነው፤ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ቅድሚያ ፈቃድ አይጠገንም። አፈሩን ለመለየት ጠርሙስ ውስጥ ከውሃ ጋር ንጦ ማሳደር ነው፤ አሸዋው ቶሎ ይዘቅጣል፣ ሸክላው ከላይ ይረጋል። ዋልካ ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ቀይ አፈር መረጥን። ለሦስት ባልዲ አፈር አንድ ባልዲ የጤፍ ጭድ ገብቶ፣ በየቀኑ እየተረገጠ ዐሥር ቀን የቦካው ጭቃ ሳይሰነጠቅ ደረቀ፤ ጭድ የሌለው ግን ከላይ እስከ ታች ተተረተረ። ከመመረጉ በፊት ግድግዳው ውሃ ካልተረጨ ደረቁ ጭቃ የአዲሱን እርጥበት ስቦ ምርጊቱ ይረግፋል። አንዱ ድርብ ከ2 ሳንቲ ሜትር ቢወፍርም በክብደቱ ይንሸራተታል።

ሱቁ የቀበሌ ቤት በመሆኑ ተከራዩ ብቻውን ሊጠግነው አይችልም። ስለዚህ ፕላኑንና ፎቶውን በሰኔ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አስረክበናል፤ ያቀረብነው ጥያቄም በቅደም ተከተል ነው፦ በመንገዱና በግድግዳው መካከል ቦይ ይቆፈር፣ አሸንዳው ይጠገን፣ ከዚያ ሲሚንቶው ተነስቶ ግድግዳው እስኪደርቅ ይጠበቅ። ምርጊቱ ከኅዳር በፊት ባይጀመር ይሻላል።