ከማጅራት ገትር የተረፈ ሁሉ «ሙሉ በሙሉ» አይድንም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ሰሞኑን ስለ ማጅራት ገትር ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩ። ስለ ክትባቱ፣ በሽታው በደረቁና አቧራማው ወራት ስለሚበረታበት ምክንያት የጻፋችሁት ደህና ነው። ያበሳጨኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «በጊዜ የታከሙ ሕሙማን ሙሉ በሙሉ ድነው ወደ ቀድሞ ሕይወታቸው ይመለሳሉ» ብላችኋል።

ሁሉም? ማን ነገራችሁ? የዓለም ጤና ድርጅት ከበሽታው ከሚተርፉ አምስት ሰዎች አንዱ ዘላቂ ጉዳት እንደሚደርስበት ይናገራል። መስማት ያቆማል፣ የሚጥል በሽታ ይይዘዋል፣ ዓይኑ ይደክማል። ታዲያ የእኛ ልጆች የት ገቡ?

የእኔ ልጅ የታመመችው ጡት ሳትጥል ነው። አንገቷ እንኳ አልተገተረም። ትኩሳት ነበራት፣ ጡት እምቢ አለች፣ እርግብግቢቷ አብጦ ወጣ። (በሕፃናት ላይ እንዲህም እንደሚጀምር አንድ መስመር ብትጨምሩ ምን ነበረበት?) መድኃኒቷን ጨርሳ ስንወጣ «እንኳን እግዜር ማረልሽ» ብለው ሸኙን። ስለ ጆሮዋ ትንፍሽ ያለ ሰው የለም። ቤት ከገባን በኋላ ስጠራት አትዞርም። የድስት ክዳን ከኋላዋ ሲወድቅ ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም። ዘመድ ሁሉ «ታማ ስለከረመች ነው፣ ይተዋታል» ይለኛል። ስትመረመር ሁለቱም ጆሮዋ አይሰማም።

ነገሩ የጊዜ ጉዳይ ነው። በሽታው የውስጥ ጆሮን ከጎዳ ውስጡ ቀስ በቀስ ወደ አጥንትነት ሊለወጥ ይችላል። ያኔ በቀዶ ሕክምና የሚገባውን የመስሚያ መሣሪያ ማስገባት ይከብዳል። ለዚህም ነው ድርጅቱ በ2025 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ሕሙማን ከሆስፒታል ሳይወጡ መስማታቸው ይመርመር ያለው። እናንተ ግን «ድነዋል» ብላችሁ ስትጽፉ፣ ወላጅ አምኖ ቤቱ ይቀመጣል።

የት ሄዶ መጠየቅ እንደሚቻልም አልነገራችሁንም። የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት 8335 የሚባል ነፃ የስልክ መስመር አለው። የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበርም አለ። የምልክት ቋንቋን ገና በጨቅላነት መጀመር ለልጁም ለቤተሰቡም ትልቅ ነገር ነው። እኔ ይህን ሁሉ ያገኘሁት ከጋዜጣ ሳይሆን፣ እንደኔ ከተንከራተቱ እናቶች ነው።

እርማት አውጡ። በውስጥ ገጽ ጥግ ላይ ሳይሆን ዘገባው በወጣበት ቦታ ይሁን። ዛሬ ልጇን ይዛ ከሆስፒታል የምትወጣ እናት ልታነበው ትችላለችና፣ «ጆሮው ሳይመረመር አትውጪ» የሚለውን ከላይ አድርጉት።

የአንዲት ልጅ እናት፣ ከአዲስ አበባ