የወታደሩን አንገት ማነቅ ይቅር

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ስለ ትርፍ ጊዜ ሥራዎች ያወጣችሁት ጽሑፍ ጥሩ ነበር፤ ግን ትንንሽ የጨዋታ ወታደሮችን ቀለም ለመቀባት፣ ወታደሩ ተጣብቆ የሚያዝበት መያዣ ካልተገዛ አይሆንም ማለታችሁ አልተዋጠልኝም። የምኖረው እንግሊዝ፣ ኖቲንግሃም ነው፣ በትንንሽ ወታደሮች የሚጫወቱት የዋርሃመር ጨዋታ አገር። ቀለም መቀባቱን ያስለመደኝ ልጄ ነው።

ወታደሩ ቁመቱ 30 ሚሊሜትር ቢሆን ነው። በጣት ሲያዝ የእጅ ወዝ ቀለሙን አያስይዝም፣ የያዘውንም ያስለቅቀዋል። አንዱን ሰይፍ ሦስቴ ቀብቼ ሦስቴ በአውራ ጣቴ ጠርጌዋለሁ!

አሁን የወይን ጠጅ ቡሽ ነው የምጠቀመው። እግሩን ከስር በ1 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ በስቼ፣ የተቃና የወረቀት አግራፍ በጠብታ ሱፐር ግሉ እሰካበትና ሌላውን ጫፍ ቡሹ ላይ እተክለዋለሁ፤ ከዚያ እንደፈለግኩ አዟዙሬ፣ ብብቱን ሳይቀር እቀባዋለሁ። ቡሽ ቀላል ስለሆነ ይወድቃል፣ ከስሩ ሳንቲም ለጥፉበት።

ከእግሩ ስር መቆሚያ ላለው ወታደር ደግሞ ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ይበቃል። ክዳኑ ላይ በሁለት በኩል የሚያጣብቅ ፕላስተር፣ ውስጡ እንዲከብድ አንድ እፍኝ ምስር። ባለቤቴ ምስሩ የት እየገባ እንደሆነ እስካሁን አልደረሰችበትም፣ ስሜን ባታወጡት ደስ ይለኛል።

አንባቢያችሁ፣ ከኖቲንግሃም